የልጄ ፕሌሲዮሳውር አንገቱ አልቆም አለኝ

እናት ከኮዬ ፈጬ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የ5ኛ ክፍል ልጄ የሳይንስ ሞዴል ሥራ ተብሎ ፕሌሲዮሳውር መረጠ። ያ አንገተ ረጅሙ የጥንት የባሕር እንስሳ። ዝሆን ቢመርጥ ምን ነበረበት! በካርቶን፣ በጋዜጣና በዱቄት ሙጫ ሠራነው። እንደ ሰጎን ቀና ያደረግነው አንገት ሲነጋ ተደፍቶ እናገኘዋለን። ሁለቴ ሠራን፣ ሁለቴ ወደቀ። ማስረከቢያው ሰኞ ነው። ጎረቤቴ ደግሞ «ዳይኖሰር ነው» ብላ ልጁን አደናገረችው። እባካችሁ!

ፌሮ ሠራተኛ፦ ካርቶኑን ተዪው እህቴ። ሰፈራችሁ ግንባታ አይጠፋም፤ የፌሮ ማሰሪያ ሽቦ ጠይቂ። ሦስት አራቱን ገምደሽ ከጭንቅላት እስከ ጅራት አሳልፊው። አንገቱ ላይ ብቻ ከሰካሽው ከሥሩ ይነቀላል። ጋዜጣውንም በስሱ ለጥፊ። አንዱ ሳይደርቅ ሌላ አትደርቢበት።

የባዮሎጂ መምህር፦ ሽቦው ጥሩ ነው። ግን ለምን ሽቅብ አቆማችሁት? እንስሳው ራሱ እንደ ሰጎን አያቆመውም ነበር። የአንገቱ አጥንቶች ለዚያ አይመቹም። ወደ ፊት ዘርጉት። ዳይኖሰርም አይደለም፤ በዳይኖሰሮች ዘመን የኖረ፣ አየር ለመሳብ ብቅ የሚል የባሕር ተሳቢ እንስሳ ነው። አራት መቅዘፊያ ሥሩለት፣ እግር እንዳታደርጉ።

እናት ከኮዬ ፈጬ፦ መምህር፣ ተዘርግቶስ ምን ይይዘዋል?

የባዮሎጂ መምህር፦ እሱንማ ውሃው ይሸከመው ነበር። እናንተ በክር ከሳጥን ጣሪያ አንጠልጥሉት። ሳጥኑን ከውስጥ ሰማያዊ ቀቡት፣ ባሕር ሆነ።

የሰበታው፦ ኤላስሞሳውረስ የሚባለው ዓይነት 72 የአንገት አጥንት ነበረው። ሰውም ቀጭኔም ያላቸው 7 ነው። ከግሮሰሪ 72 ቆርኪ ለምኑ፣ በምስማር ብሱና ሽቦው ላይ ሰኩ። መምህሩ ቢቆጥር እንኳ አያሳፍርም። ልጁ ከተሳሳተም አይዘን፤ በ1868 እ.ኤ.አ. ይህን እንስሳ የሰየመው አሜሪካዊው ኤድዋርድ ኮፕ ጭንቅላቱን የገጠመው ጅራቱ ጫፍ ላይ ነበር።

እናት ከኮዬ ፈጬ፦ ልጄ «መሠረት ሲቆፈር እዚህም አጥንቱ ይገኛል?» ይላል።

የባዮሎጂ መምህር፦ አይገኝም፤ የአዲስ አበባ ዙሪያ ድንጋይ የእሳተ ገሞራ ነው። የጥንት ባሕር የተወው የኖራ ድንጋይ አባይ በረሃ አለ። አንድ ቀን ይውረድና የዛጎል ቅሪት ይፈልግ።

እናት ከኮዬ ፈጬ፦ ተሳካ! ቆርኪው 68 ላይ አለቀብን፣ አራቱን ከካርቶን ቆርጠን ሞላን። ሌሊቱን ሙሉ ተንጠልጥሎ አደረ፣ ንቅንቅ አላለም። ጎረቤቴ አየችውና ምን አለች? «ኤሊ ነው እባብ የዋጠው?»