የስታሮዱብ ሬጅመንት ጦር ብቻ ነበር ወይስ መንግሥት?

ሄኖክ፦ ፑቲን በ2022 እ.ኤ.አ. ዩክሬንን የፈጠሯት ቦልሼቪኮች፣ የሌኒን ኮሚኒስቶች ማለት ነው፣ ናቸው ሲል እዚህ ግሩፕ ብዙ ሰው ልክ ነው ብሎ ነበር። እኔ አልቀበልም። ሌኒን ከመወለዱ 200 ዓመት በፊት የኮሳክ፣ ማለትም የዛ አገር ነጻ ታጣቂዎች፣ ሬጅመንቶች እዛ አገር ያስተዳድሩ ነበር፣ በስታሮዱብ ከተማ ስም የሚጠራውን ሬጅመንት ብቻ እዩት።

ቢኒ፦ ሬጅመንት እኮ ጦር ነው ወንድሜ። ፈረሰኛ ተሰብስቦ መንግሥት አይባልም። ደሞ በ1654 ፔሬያስላቭ ላይ ለሞስኮው ዛር ቃል ገብተው የለ እንዴ?

ሄኖክ፦ ስሙ ነው ያሳሳተህ ቢኒ። እኛ አገር ኮሳክ ሲባል በ1889 የዛሬዋ ጅቡቲ ውስጥ ሳጋሎ ላይ የሰፈረው ራሺያዊው አሺኖቭ ነው ትዝ የሚለን፣ እነዚህ ግን ሌላ ናቸው። ሬጅመንቱን ፖልክ ይሉታል፣ ፖልክ የሚሉት ጦሩንም መሬቱንም ነው፣ ኮሎኔሉ ያዘምታል፣ ይዳኛል፣ ግብር ያስከፍላል፣ ከሱ ስር ዳኛ አለ ጸሐፊ አለ የመድፍና የስንቅ ኃላፊ አለ፣ መሬቱ ደሞ መቶ በሚባሉ ወረዳዎች ተከፍሎ ስታሮዱብ፣ ምግሊን፣ ፖቼፕ፣ ፖጋር እያለ እያንዳንዱ ላይ የመቶ አለቃ ተሹሞበታል፣ ቃሉ ራሱ እኛ የመቶ አለቃ የምንለው ነው። ኮሎኔሉ የሚይዛት ፔርናች የምትባል አጭር የብረት ዱላ አለች፣ ጫፏ ዙሪያውን ክንፍ ክንፍ ያለው፣ እሷን የያዘ ነው ባለሥልጣን። ከዲኔፐር ወንዝ ግራ እንዲህ ያለ 10 ሬጅመንት ነበር፣ ስታሮዱብ ከ1663 እስከ 1782 ቆይቷል። ይሄ ሁሉ አስተዳደር ካልሆነ ምንድነው?

ሰናይት፦ ሄኒዬ አስተዳደር መሆኑ ላይ ካንተ ጋር ነኝ፣ ግን የማን አስተዳደር? ሹሙ ደሞዝ የለውም፣ እንደ ማደሪያ መንደርና ወፍጮ ይሰጠዋል፣ ማደሪያው ቀስ እያለ የቤተሰብ ርስት ይሆናል፣ ገበሬው እዛው ገባር ሆኖ ይቀራል። በ1783 የራሺያዋ ንግሥት ካትሪን ገበሬውን ካለበት እንዳይነቃነቅ ስታስረው ብዙዎቹ ሹማምንት ተጠቃሚ ነበሩ፣ በ1785 ደሞ የራሺያ መኳንንት መብት አገኙ። አገር ሲባል ገበሬውንም ቁጠሩት እንጂ።

ቢኒ፦ በቃ ሰኒ የኔን ነው ያጠናከረችው። ደሞ ስታሮዱብ ዛሬ የት ናት? ራሺያ ብርያንስክ ውስጥ! በሃይማኖት ምክንያት ከሞስኮ የሸሹ ራሺያኖች ክሊንትሲና ኖቮዚብኮቭን የቆረቆሩት እዛው ነው። ይቺ ናት ለዩክሬን የምትመሰክረው?

ሄኖክ፦ እሱን እኮ ነው የምፈልገው! ስታሮዱብ በዛሩ ዘመን፣ ዋና ከተማው ዛሬ ዩክሬን ውስጥ ባለው በቼርኒሂቭ ግዛት ውስጥ ነበረች። በ1919 ቆርጠው ያኔ በሶቪየት ራሺያ ስር ወደነበረው ጎሜል ግዛት ያዞሯት ቦልሼቪኮች ናቸው፣ በኋላ ወደ ብርያንስክ ሄደች። ፈጠሯት የሚባሉት ሰዎች እዚህ ጋ ቀነሱባት እንጂ አልጨመሩላትም። ዛሬ ትመለስ እያልኩ አይደለም፣ የ1991ዱ ድንበር ድንበር ነው።

ሰናይት፦ እኔም ቢኒን አላጠናከርኩም። ከፖልታቫ ጦርነት በኋላ ፖቼፕ ለታላቁ ጴጥሮስ ቀኝ እጅ ለሜንሺኮቭ ተሰጠች፣ እሱ ወሰን እየገፋ ነጻ ኮሳኮችን ገባር አደረጋቸው። አቤት ያለው ሄትማኑ፣ የኮሳኮቹ የበላይ መሪ፣ ስኮሮፓድስኪ ነው፣ የስታሮዱብ ኮሎኔል የነበረው። መሬቱ የዛር ጦር ሰፈር ብቻ ቢሆን ምን ብሎ ነው አቤት የሚለው?

ቢኒ፦ የ1919ኙን አላውቅም ነበር፣ እሱን ተቀብያለሁ። የፔሬያስላቩን ግን ሁለታችሁም አልመለሳችሁልኝም፣ ማታ ከሥራ ስወጣ እሱን ይዤ እመለሳለሁ።