በኤስኤስኤች የገባው ሰው ወጥቷል፣ ፒቲዋዩ ግን አልተለቀቀም፤ ምን ይዞት ነው?

ጥያቄ፦ የማታ ተረኛ

ሰላም ለሁላችሁ። በኤስኤስኤች፣ ማለትም ከርቀት በትእዛዝ መስመር፣ የምንገባበት አንድ ደቢያን (ሊኑክስ) ሰርቨር አለን። በየሁለት ሳምንቱ ገደማ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሌሊት ላይ፣ ማንም መግባት ያቅተዋል። ፓስወርዱን ይቀበላል፣ ከዚያ «ፒቲዋይ አሎኬሽን ሪኩዌስት ፌይልድ ኦን ቻነል 0» ብሎ ቀጥ ይላል፤ ፒቲዋይ የሚባለውን ምናባዊ ተርሚናል መስጠት አልቻልኩም ማለቱ ነው። ፕሮምፕት (ትእዛዝ የሚጻፍበት ምልክት) የለም። ሪስታርት ሲደረግ እንደ አዲስ ይሠራል፣ ሁለት ሳምንት ቆይቶ ያው ነው።

ቡድናችን 9 ሰው ነው። ግማሹ ከቤቱ በሞባይል ዳታ ነው የሚገባው። መብራት ሲሄድ ወይም ኔትወርክ ሲቆራረጥ ግንኙነቱ ሳይዘጋ ይሞታል። የገቡትን ሰዎች የሚዘረዝረውን «ሁ» የሚለውን ትእዛዝ ስሰጥ ከሄዱ የቆዩ ሰዎች አሁንም ተደርድረው አገኛቸዋለሁ። ጥርጣሬዬ እዚያ ላይ ነው። ሰርቨሩን ሳላጠፋ እንዴት ላስለቅቀው?

መልስ፦ ገባ ወጣ

እሁድ ሌሊት ሪቡት የሚያደርግ ክሮን (በተያዘለት ሰዓት በራሱ የሚሠራ ትእዛዝ) አስገቢ። እኛ እንደዚያ ነው የምንኖረው።

መልስ፦ ቀይ ኬብል

ሪቡትማ መፍትሔ አይባልም።

ለዛሬ ሌሊት የሚሆነውን ላስቀድም። ያለቀው ተርሚናል ነው፣ ኤስኤስኤች ራሱ ጤነኛ ነው። ስለዚህ ተርሚናል ሳትጠይቂ ግቢ፦ «ኤስኤስኤች -ቲ»፣ ቲዋ በካፒታል። ፕሮምፕት አይመጣም፣ የምታዪው ባዶ መስመር ብቻ ነው። አትደንግጪ። «ፒኤስ» (የሚሠሩ ፕሮግራሞችን የሚዘረዝረው) ብለሽ ኢንተር ስትጪው መልሱን ያወርድልሻል። እንደ ቪአይና ቶፕ ያሉት ግን ያለ ተርሚናል አይሆኑም።

እዚያው ሆነሽ ጣሪያውን ለጊዜው ከፍ ማድረግ ትችያለሽ። ሊኑክስ በነባሪ የሚፈቅደው 4096 ፒቲዋይ ነው። የከርነሉን (የሊኑክስን እምብርት) ቅንብር በሚቀይረው «ሲስሲቲኤል» «ከርነል.ፒቲዋይ.ማክስ» የሚለውን 8192 አድርጊው፣ ወዲያው መግባት ይቻላል። ፋታ መግዣ ነው እንጂ ጥገና አይደለም።

ስለሞቱት ግንኙነቶች፦ ላፕቶፑ ድንገት ሲጠፋ ሰርቨሩ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ቲሲፒ ኪፕአላይቭ (ወዲያኛው ወገን አለ ወይ ብሎ የሚጠይቀው) እስኪነሳ ይጠብቃል። ያ በሊኑክስ ነባሪ 7200 ሰከንድ ነው፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ በ75 ሰከንድ ልዩነት 9 ጊዜ ይሞክራል። ከሁለት ሰዓት በላይ ማለት ነው። የኤስኤስኤችዲ (ሰርቨሩ ላይ ግንኙነት የሚቀበለው ፕሮግራም) ኮንፊግ ላይ «ክላይንት አላይቭ ኢንተርቫል» (በስንት ሰከንድ አለህ ወይ እንደሚል) 60፣ «ክላይንት አላይቭ ካውንት ማክስ» (ስንት ጊዜ መልስ ሲያጣ እንደሚቆርጥ) 3 አድርጊ። የመጀመሪያው በነባሪ 0 ነው፣ ማለትም ጠፍቷል። ይህን ካደረግሽ የሞተ ግንኙነት በ3 ደቂቃ ገደማ ይቆረጣል። አንዳንድ የቆዩ ጽሑፎች ሁለተኛውን 0 አድርጉት ይላሉ፣ አትስሚያቸው። ከኦፕንኤስኤስኤች 8.2 (2020 እ.ኤ.አ.) ወዲህ እዚያ ላይ 0 ማለት ጭራሽ አትቁረጥ ማለት ነው።

ሪሎድ ከማድረግሽ በፊት «ኤስኤስኤችዲ -ቲ» (ቲዋ በትንሹ) ብለሽ ኮንፊጉን አስፈትሺ። አንድ ሴሽንም ክፍት ይዘሽ ቆዪ፣ ምን ይታወቃል።

የማታ ተረኛ

ተባረክ። ያለ ተርሚናል ገባሁ፣ ጣሪያውን ከፍ አደረግሁ፣ ክላይንት አላይቩንም አስገባሁ። አዲሱ ኮንፊግ የቆዩትን ሴሽኖች ስለማይነካ እነሱን በእጄ ገደልኳቸው። «ሁ» ላይ አሁን የሚታየው በእርግጥ ያለ ሰው ነው። ግን በ«ሲስሲቲኤል» «ከርነል.ፒቲዋይ.ኤንአር» የሚለውን፣ የተያዙትን የሚቆጥረውን፣ ሳይ ምንም ያህል አልወረደም። 4071 ይላል።

መልስ፦ ጋሼ ከርነል

ልጄ፣ እነሱን ማጽዳትሽ ደግ ነው፣ ሌባው ግን ሌላ ነው። 9 ሰው የቱንም ያህል ቢቆራረጥበት በሁለት ሳምንት አራት ሺህ ተርሚናል አይጨርስም። «ሁ» ደግሞ የሚያነበው የመግቢያ መዝገብ ነው። ፒቲዋዩን ማን እንደያዘው አይነግርሽም።

ፒቲዋይ ጥንድ ነው። አንዱን ጫፍ ኤስኤስኤችዲ ይይዛል። ሌላውን ሼሉ (ትእዛዝ ተቀባዩ)፣ ከሼሉ የሚወለዱት ፕሮግራሞችም ሁሉ ይወርሱታል። ኤስኤስኤችዲ ጫፉን ሲለቅ ስሙ ፒቲዋዮች ከሚዘረዘሩበት ፎልደር ከ«/ዴቭ/ፒቲኤስ» ይጠፋል። በዚያኛው ጫፍ አንድ ፕሮሰስ (የሚሠራ ፕሮግራም) አንዲት ፋይል ዲስክሪፕተር (የተከፈተ ፋይል መያዣ ቁጥር) ይዞ ከቀረ ግን ቁጥሩ አይለቀቅም። ስሙ የለም፣ ቦታው ግን እንደተያዘ ነው።

ስለዚህ ሁለት ነገር አነጻጽሪ፦ ያ 4071ና በ«ኤልኤስ» የምታገኚውን የ«/ዴቭ/ፒቲኤስ» ዝርዝር። ፎልደሩ ውስጥ ጥቂት ካለ፣ የቀረው በወላጅ አልባ ጫፎች የተያዘ ነው። (ኮንቴይነር ካላችሁ የእነሱም ፒቲዋይ እዚያው ቁጥር ውስጥ ይገባል፣ እሱን ቀንሺ።) ከዚያ በሩት (በአስተዳዳሪ መብት) የተከፈቱ ፋይሎችን የሚዘረዝረውን «ኤልኤስኦኤፍ» አስነሺና «ፒቲኤስ»ና «ዲሊትድ» አብረው ያሉበትን መስመር በግሬፕ አውጪ። ኤልኤስኦኤፍ ካልተጫነ «/ፕሮክ» ሥር የየፕሮሰሱን «ኤፍዲ» ፎልደር በ«ኤልኤስ -ኤል» ማየት ይበቃል።

የፒኤስን የቲቲዋይ (የተርሚናል) ዓምድ አትመኚው። በ«ሴትሲድ» (ፕሮግራምን ከተርሚናሉ ነጥሎ በሚያስነሳው) የተነሳ ፕሮሰስ ተቆጣጣሪ ተርሚናል ስለሌለው እዚያ የሚታየው የጥያቄ ምልክት ብቻ ነው። ሴትሲድ ግን ከሴሽኑ ያወጣዋል እንጂ የተከፈተ ዲስክሪፕተር አይዘጋለትም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

የማታ ተረኛ

ጋሼ፣ እጅዎን ይባርከው! ፎልደሩ ውስጥ ያለው 11 ብቻ ነው። ኤልኤስኦኤፉ ደግሞ ይህን ያወርደዋል፣ ፒአይዲው (የፕሮሰሱ ቁጥር) እና የፒቲኤስ ቁጥሩ ብቻ ነው የሚለያየው፦

ዋቸር 20418 ሞኒተር 2ዩ /ዴቭ/ፒቲኤስ/417 (ዲሊትድ)
ዋቸር 20733 ሞኒተር 2ዩ /ዴቭ/ፒቲኤስ/418 (ዲሊትድ)

ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው፣ ሁሌም 2ዩ። ምንጩንም አገኘሁት። ከሌላ ማሽን በየ5 ደቂቃው የሚገባ የሞኒተሪንግ ስክሪፕት አለ። በ«ኤስኤስኤች -ቲቲ» (ተርሚናል በግድ በሚጠይቀው) ይገባል፣ ዋቸር የሚባል ትንሽ ፕሮግራም በሴትሲድ ያስነሳል፣ ውጤቱን ወደ ሎግ ፋይል ይልካል፣ ይወጣል። የቀደመው ዋቸር መኖር አለመኖሩን አያይም።

መልስ፦ ቀይ ኬብል

በየ5 ደቂቃው ማለት በቀን 288 ነው። 4096ን ለ288 ስታካፍዪው 14 ቀን ከምናምን። ሁለት ሳምንትሽ ይኸውና!

መልስ፦ ጋሼ ከርነል

2 ቁጥር ማለት ኤስቲዲ ኤረር ነው። ስክሪፕቱን የጻፈው ሰው ውጤቱን ወደ ፋይል ሲያዞር ስህተት የሚጻፍበትን ረስቶታል። ግብዓቱን ደግሞ ከበስተጀርባ የተነሳ ትእዛዝ ስለሆነ ሼሉ ራሱ ወደ «/ዴቭ/ነል» (ባዶው ፋይል) አዙሮለታል። አንዷ ቀረች፣ እሷ በቃች።

አሁን ዋቸሮቹን በተራ «ኪል» አሰናብቻቸው፣ በ«-9» (በግድ በሚገድለው) አትጀምሪ። ቁጥሩ እያየሽው ይወርዳል። ስክሪፕቱ ላይ «-ቲቲ» የምትለውን አውጪ፣ ተርሚናል የማይፈልግ ሥራ ተርሚናል መጠየቅ የለበትም። ሦስቱንም አዙሪ፦ ግብዓት ከ«/ዴቭ/ነል»፣ ውጤትና ስህተት ወደ ሎግ። የተሻለው ግን ዋቸርን የሲስተምዲ (የሰርቨሩን አገልግሎቶች የሚያስተዳድረው) ሰርቪስ ማድረግ ነው። አንዴ ይነሳል፣ ሲወድቅ ሲስተምዲ ያነሳዋል፣ ማንም በየ5 ደቂቃው እየገባ መውለድ አያስፈልገውም።

መልስ፦ ገባ ወጣ

በሴትሲድ ፈንታ ኖሃፕ (ሰው ከወጣ በኋላ ፕሮግራሙን የሚያቆየው ሌላው ትእዛዝ) ቢሆንስ ኖሮ?

መልስ፦ ጋሼ ከርነል

ሊኑክስ ላይ ያለው የግኑ ኖሃፕ ተርሚናል ላይ ያሉትን ሦስቱንም ራሱ ያዞራል፣ ስለዚህ ይህ ችግር ባልመጣ። «ዲስኦውን» (ሼሉ ሥራውን እንዲተወው የሚያደርገው) ግን እንደ ሴትሲድ ነው፣ ዲስክሪፕተር አይነካም።

መልስ፦ ዝም ያለ ፖርት

ይህን ሁሉ ከመልፋት «ሎጊንድ ኮንፍ» (የገባ የወጣውን የሚከታተለው የሎጊንድ ኮንፊግ) ላይ «ኪል ዩዘር ፕሮሰስስ» የሚለውን «የስ» ብትዪው ሰው ሲወጣ የተወው ሁሉ አብሮ ይጠረጋል። ሴትሲድም አያስጥለውም፣ ምክንያቱም ሎጊንድ የሚከተለው ሲግሩፑን (ከርነሉ የሴሽኑን ፕሮሰሶች የሚያቧድንበትን) ነው። ሴሽኖችን የሚዘረዝረውን «ሎጊንሲቲኤል» ብትዪ እኮ እነዚያ ሴሽኖች «ክሎዚንግ» (በመዘጋት ላይ) የሚለው ላይ ቆመው ታገኛቸዋለሽ።

መልስ፦ ቀይ ኬብል

እውነት ነው፣ ግን የሁሉንም ሰው ቲመክስና ስክሪን (ግንኙነት ቢቋረጥም ሥራን የሚያቆዩትን) አብሮ ይገድላል። ሲስተምዲ 230 ላይ በ2016 እ.ኤ.አ. ነባሪ ሲደረግ የተነሳውን ጩኸት እናስታውሳለን፣ ደቢያንም ለዚያ ነው «ኖ» ያደረገው። ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ቤት ሰው በቲመክስ ነው የሚድነው። ለአንድ ስክሪፕት ብሎ ይህን መንካት እኔ አልመክርም። ከነካሽው ግን ለሞኒተር ዩዘር ብቻ አድርጊው፣ «ኪል ኦንሊ ዩዘርስ» የሚባል አማራጭ አለ።

የማታ ተረኛ

ሎጊንሲቲኤሉን አየሁት፣ እውነትም በ«ክሎዚንግ» የተሞላ ነበር። ዋቸሮቹ ተሰናበቱ፣ ኤንአር አሁን 14 ነው። ሎጊንዱን አልነካሁትም። ሰርቪሱን ነገ እጽፈዋለሁ፣ እስከዚያ ስክሪፕቱ ቆሟል። አንድ ነገር ልጠይቅ፦ ወደፊት ሳይሞላ በፊት በምን አውቃለሁ?

መልስ፦ ዝም ያለ ፖርት

ስትገቢ «ቲቲዋይ» ብለሽ ጻፊ፣ የደረሰሽን ተርሚናል ይነግርሻል። ከርነሉ ሁልጊዜ ነጻ ከሆኑት ትንሹን ቁጥር ነው የሚሰጠው። 9 ሰው ባለበት ቤት «/ዴቭ/ፒቲኤስ/300» ከመጣልሽ የሆነ ነገር እያንጠባጠበ ነው። በሞኒተሪንጋችሁ ደግሞ ኤንአርን መዝግቡና 500 ሲያልፍ ይጩህ። ዶከር የምትጠቀሙ ከሆነ «ዶከር ኤግዜክ -አይቲ» ብሎ ገብቶ ግንኙነቱ የተቋረጠበትም ሰው ባሹን (ሼሉን) ኮንቴይነሩ ውስጥ ትቶት ሊሄድ ይችላል፣ እዚያም እዪ።