ሙዚቃው ይጮኻል፣ ንግግሩ አይሰማም! እንግዶቹ ቁጭ ብለዋል

የጉለሌው፦
ሰላም ቤተሰብ፣ ድረሱልኝ! ቤት ሙሉ ሰው ይጠብቀኛል። ኦፐንሃይመርን፣ ስለ አቶም ቦምቡ ሳይንቲስት የሚተርከውን ፊልም፣ ከፍቼላቸው ነበር። ሙዚቃው ግድግዳ ያናውጣል፤ ሰዎቹ ሲያወሩ ግን ጭራሽ አይሰማም። ድምፁን ስጨምር የሚጨምረው ሙዚቃው ብቻ ነው። አጎቴ ጡረታ የወጣ የፊዚክስ መምህር ነው፣ ይህን ፊልም ልይ ብሎ ነው ከደብረ ብርሃን የመጣው። ፋይሉ የተበላሸ ይመስለኛል። ደህና ኮፒ ያለው ሰው በቴሌግራም ይላክልኝ፣ በናታችሁ ቶሎ!

ማሜ፦
ላፕቶፑን አጥፍተህ አብራው።

ፈንዲሻ ብቻ፦
ፍሎውን ክፈትላቸው። ድመት አለ፣ ጎርፍ አለ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድም ቃል የሚናገር የለም። ችግርህ ተፈታ ሃሃሃ።

ቤቲ ከሜሪላንድ፦
ቀልዱን ተዉትና ፍሎው እውነትም ግሩም ፊልም ነው። የላትቪያ ልጆች ብሌንደር በሚባል፣ ማንም በነፃ በሚያወርደው ሶፍትዌር ሠሩት። በ2025 የአኒሜሽኑን ኦስካር ከእነ ኢንሳይድ አውት 2 አፍ ነጥቆ ወሰደ። ልጆቼ አልቅሰውበታል፣ እኔም እንደነሱ።

ወደ ጥያቄህ ስመጣ ግን ፋይልህ ምንም አልሆነም። የፊልሙ ዳይሬክተር ኖላን እንዲህ ነው። እኔ ሲኒማ ገብቼ ነው ያየሁት፣ እዚያም ያመለጠኝ ንግግር አለ። ሰውየው ተዋናዮቹ በቀረጻው ቦታ የተናገሩትን ነው የሚጠቀመው። በኋላ ስቱዲዮ አስገብቶ እንደገና ማስቀዳት አይወድም። ስለዚህ ሌላ ኮፒ ብታመጣም ያው ነው። ደግሞ ኮፒ ላኩልኝ ማለት ራሱ ሼም ነው።

የጉለሌው፦
ቤቲ እግዜር ይስጥሽ፣ ግን አንዳንድ ቦታ አይደለም የሚጠፋው። ሁሉም ቦታ ነው! ኖላን ይህን ያህል አይጨክንም። አጎቴ «ድምፅ አልባ ፊልም ነው እንዴ?» እያለኝ ነው።

ማሜ፦
አጥፍተህ አብራው አልኩህ እኮ።

ጋሽ ኦፕሬተር፦
ልጄ፣ እኔ ሲኒማ ቤት ማሽን ክፍል ውስጥ የሠራሁ ሰው ነኝ። መጀመሪያ ነገሩን ተረዳው። ሲኒማ ቤት ውስጥ ንግግሩ የሚወጣው መሀል ላይ፣ ከሸራው ጀርባ ከተቀመጠው ስፒከር ነው። ሸራው ላይ ከሩቅ የማይታዩ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉ፣ ድምፁ በዚያ ያልፋል። ግራና ቀኙ በአብዛኛው ለሙዚቃው ነው። አንተ ቤት ያ መሀለኛ የለም። ለብዙ ስፒከር የተዘጋጀውን ድምፅ በሁለት ስታጭቀው ንግግሩ ይዋጣል።

ሌላም ልንገርህ። ድምፅ ማለት ጩኸት አይደለም። ያ ኦፐንሃይመር በ2024 ሰባት ኦስካር ወሰደ። የድምፁን ሽልማት ግን አላገኘም፣ የወሰደው ዘ ዞን ኦቭ ኢንተረስት ነው። የናዚዎቹ የአውሽዊትዝ የሞት ካምፕ አዛዥ ከነቤተሰቡ ከካምፑ ግንብ ጎን ይኖራል። ሚስቱ አበባ ትንከባከባለች፣ ልጆቹ ይዋኛሉ። ከግንቡ ወዲያ ምን እንደሚደረግ አንድም ጊዜ አታይም። ትሰማለህ ብቻ። ጥይት፣ የሰው ጩኸት፣ የምድጃ ጉርምርምታ። ካሜራው ያልሠራውን ጆሮ ሠራው። ከዚያ ወዲህ ስንት ፊልም አየሁ፣ በድምፅ የሚደርስበት አላገኘሁም። የዘንድሮ ልጆች ስፒከር በመግዛት ብቻ...

ፈንዲሻ ብቻ፦
ጋሼ ይቅርታ ያድርጉልኝና እንግዶቹ ራት ሳይበሉ እንዳያድሩ ፈራሁ።

አራኪስ፦
ጋሼ፣ በአክብሮት እቃወማለሁ። ድምፅ ከተባለማ ዱን ክፍል ሁለት ነው! የ2025ን የድምፅ ኦስካር ይዞ ሄዷል። ያ ግዙፍ የአሸዋ ትል ከመሬት ሲነሳ ሆዴ ውስጥ ነው የተሰማኝ። ቤት ውስጥ ያየው ሰው አላየውም ብላችሁ ያዙልኝ።

ሰናይት፦
እኔ ሲኒማ አይቼዋለሁ። 2 ሰዓት ከ46 ደቂቃ ሙሉ አሸዋ።

አራኪስ፦
ሰናይት አንቺ ምን ወደሽ ታውቂያለሽ?

ሰናይት፦
ኮንክሌቭን። የካቶሊክ ካርዲናሎች የሮማውን ፖፕ ሊመርጡ ይዘጋባቸዋል፤ ከዚያ ሹክሹክታ፣ ቡድን፣ የምርጫ ወረቀት፣ አሁንም ሹክሹክታ። አንድ ሰው ሳይሮጥ ልቤ ሲመታ አመሸ። ሬፍ ፋይንስ ዝም ብሎ ሲያስብ ማየት ብቻ ይበቃል። ጉለሌው፣ የማትሰማውን ፊልም ተወውና እሱን ክፈትላቸው። ሁለት ሰዓት ብቻ ነው። ሦስት ሰዓት ሙሉ እንግዳ ወንበር ላይ ማስቀመጥ ራሱ ግፍ ነው።

ቤቲ ከሜሪላንድ፦
ኮንክሌቭ እስከ መጨረሻው አሥር ደቂቃ ድረስ ጥሩ ነበር። መጨረሻው ግን ተዓምር ፍለጋ መሰለኝ።

ሰናይት፦
መጨረሻውን እንዳትናገሪ ብቻ!

ሄኖክ፦
ፊልሙን የከፈትከው ቪኤልሲ በሚባለው የፊልም ማጫወቻ ከሆነ Ctrl እና E የሚሉትን ቁልፎች አብረህ ተጫን። የድምፅ ማስተካከያ መስኮት ይመጣል። ኮምፕረሰር የሚለውን ገጽ ክፈትና አብራው። ከፍተኛውን ድምፅ ዝቅ ያደርገዋል፣ ከዚያ ጠቅላላ ድምፁን ስትጨምር ንግግሩ ወደ ላይ ይመጣል። እኛ ቤት ሕፃን ሲተኛ የምናየው እንዲህ ነው። ኔትፍሊክስ ላይ ያለ ሰው ደግሞ የድምፅ ምርጫው ውስጥ ገብቶ 5.1 የሚለውን የብዙ ስፒከር ድምፅ ትቶ ስቴሪዮ፣ ማለትም የሁለት ስፒከሩን፣ ቢመርጥ ለውጥ አለው።

የጉለሌው፦
ሄኖክ ሞከርኩት። ሙዚቃው ቀነሰ፣ ንግግሩ ግን አሁንም የለም። አጎቴ ስለ አቶም ራሱ ማስረዳት ጀምሯል።

ሳሪስ ሳውንድ፦
እኔ ሰርግ ላይ ሳውንድ የማቆም ሰው ነኝ፣ ልሳቅ ወይስ ላልቅስ? እስካሁን ማንም ያልጠየቀህን ልጠይቅህ። ስፒከሩን ከላፕቶፑ ጋር ያገናኘኸው በምንድን ነው? በብሉቱዝ? በኤችዲኤምአይ? በጃክ?

የጉለሌው፦
ፕሮጀክተሩ በኤችዲኤምአይ ነው። ስፒከሩ ትልቅ ስለሆነ በጃክ ከላፕቶፑ። ከጎረቤት የተዋስኩት ነው፣ ጃኩ ወፈር ያለ ነው።

ሳሪስ ሳውንድ፦
በል ፊልሙን አቁምና የድሮ የጥላሁን ገሠሠ ዘፈን ክፈት። አልቀለድኩም። የድሮዎቹ በሞኖ የተቀዱ ናቸው፣ በግራም በቀኝም ያው ድምፅ ነው የሚወጣው። ጥላሁን ከነባንዱ ከጠፋብህ ፋይልህም ኖላንም ንፁህ ናቸው። ጥላሁን የማይሰማበት ስፒከር የለም፣ በደንብ ያልገባ ጃክ ነው ያለው።

እንዲህ ነው ነገሩ። ጃኩ እስከ ጥግ ካልገባ የግራውንዱ፣ ማለትም ግራና ቀኙ የሚጋሩት የመመለሻ መስመር አይነካም። ያኔ በግራና በቀኝ እኩል የሆነው ድምፅ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። የሚተርፈው በሁለቱ መካከል የሚለያየው ብቻ ነው። ፊልም ላይ ንግግሩ መሀል ነው፣ ማለትም በሁለቱም በኩል እኩል ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠፋው እሱ ነው፤ በግራና በቀኝ የተለያየው ሙዚቃ ግን ይቀራል። ላፕቶፑ የፕላስቲክ ልባስ ካለው አውልቀው። ወፍራም ጃክ ልባሱ ላይ ይቆምና የገባ ይመስላል። እስከሚቀጭል ድረስ ግፋው። እምቢ ካለ አንድ ክር ያህል ወደ ኋላ ሳብ እያደረግህ ሞክረው።

ቤቲ ከሜሪላንድ፦
ቆይ፣ ታዲያ እኔ ሲኒማ ያልሰማሁትስ?

ሳሪስ ሳውንድ፦
የአንቺው ኖላን ነው እህቴ። የሱ ጃክ ነው።

የጉለሌው፦
ልባስ አለው! ቆዩ ጥላሁንን ልክፈት።

ፈንዲሻ ብቻ፦
መብራት ሳይሄድ ፍጠን።

አራኪስ፦
እስኪመለስ ድረስ ሲነርስን ያየ አለ? በፈረንጅ 1932፣ አሜሪካ ሚሲሲፒ፣ ማይክል ቢ. ጆርዳን መንታ ወንድማማች ሆኖ። ግማሹ ብሉዝ፣ ግማሹ ደም መጣጭ። የሙዚቃ ቤቱ ትዕይንት ላይ ወንበሬን ጨብጬ ነው ያየሁት። ሙዚቃውን የሠራው ሉድቪግ ጎራንሰን ነው፣ የኦፐንሃይመሩም እሱ ነው። ጉለሌው ግድግዳህ የተናወጠው በእሱ ነው።

ሰናይት፦
አየሁት። የመጀመሪያው ሰዓት፣ ገና ሰው ሲሰበስቡ፣ ዓሣ ሲጠበስ፣ ጊታር ሲሞከር፣ እንደዚያ ያለ ፊልም ካየሁ ቆየሁ። ደም መጣጮቹ ባይመጡ እመርጥ ነበር። ወንድሜ ደግሞ እነሱ እስኪመጡ እንቅልፍ ወስዶት ነበር። እንግዲህ ፍረዱ። ከእናት ጋር ግን አይታይም፣ አስቀድሜ ልንገራችሁ።

ጋሽ ኦፕሬተር፦
ያ ፊልም በሰፊ ፊልም፣ በ65 ሚሊሜትር የተቀረጸ ነው። ሴልሎይድ፣ የጥቅል ፊልሙ፣ ሞተ ያሉኝን ሁሉ አሳፈረልኝ። ላፕቶፕ ላይ ካየኸው አላየኸውም።

ሄኖክ፦
ጋሼ፣ ከተማችን ውስጥ በሰፊ ፊልም የሚያሳይ የት አለና ነው?

ጋሽ ኦፕሬተር፦
እሱን ተወው።

ማሜ፦
ሰውዬው ጠፋ። አጥፍቶ እያበራው ነው።

ፈንዲሻ ብቻ፦
ወይም ጥላሁንን ሲሰሙ ፊልሙን ረስተውት ጭፈራ ይዘዋል።

ትርሲት፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ እግረ መንገዴን ልጠይቅ። የእኔ ስፒከር በብሉቱዝ ነው። ንግግሩ በደንብ ይሰማል፣ ግን አፋቸው ከተዘጋ በኋላ ነው የሚመጣው። ከባለቤቴ ጋር ብሩታሊስትን ልንጀምር ነው።

ሳሪስ ሳውንድ፦
ብሉቱዝ ድምፁን ያዘገየዋል፣ ልማዱ ነው። በቪኤልሲ ከሆነ ፊልሙ እየሄደ J የምትለዋን ቁልፍ ተጫኚ። በተጫንሽ ቁጥር ድምፁ ትንሽ ትንሽ ይቀድማል። ድምፁ ከአፋቸው ከቀደመ K የምትለዋን ተጭነሽ መልሺው። ሽቦ ካለሽ ግን ሽቦ ይሻላል።

ትርሲት፦
እሺ፣ አመሰግናለሁ። ፊልሙስ እንዴት ነው?

ቤቲ ከሜሪላንድ፦
ከነእረፍቱ 3 ሰዓት ከ35 ደቂቃ ነው። መሀል ላይ ፊልሙ ራሱ 15 ደቂቃ እረፍት ይሰጣችኋል። የመጀመሪያውን ግማሽ ወደድኩት፣ ኤድሪያን ብሮዲም ኦስካሩ ይገባዋል። ሁለተኛው ግማሽ ላይ ከባለቤቴ ጋር ተጣልተናል፣ እሱ ወደደው።

ሰናይት፦
15 ደቂቃ ቡና አያፈላም። አሁኑኑ ቁዪው።