በዘይት ጄሪካን የዘራሁት እንጉዳይ ለምን ተበላሸ?

ጥያቄ፣ ከኮተቤ

ጤና ይስጥልኝ። ባዶ የዘይት ጄሪካኖችን ከምጥላቸው ኦይስተር የሚባለውን እንጉዳይ ላመርትባቸው ብዬ፣ ከሁለት ወር በፊት ባለ 20 ሊትር ሦስት ጄሪካኖች አዘጋጀሁ። የጤፍ ጭድ በትልቅ ሳፋ አድርጌ የፈላ ውሃ ቸለስኩበት፤ ሲቀዘቅዝም ከገዛሁት የእንጉዳይ ዘር ጋር እያነባበርኩ ሞላሁትና ጎናቸውን በጋለ ሚስማር በሳሁ። በ9ኛው ቀን በአንደኛው ቀዳዳዎች ዙሪያ አረንጓዴ ሻጋታ ታየ፤ ሁለተኛው ደግሞ ከሥሩ የሖመጠጠ ሊጥ የሚመስል ሽታ አመጣ። ሦስተኛው በሙሉ ነጭ ሆኖ ቢያፈራም፣ የወጡት እንጉዳዮች አንገታቸው እንደ ጣት ረዝሞ ጃንጥላቸው ከሸሚዝ ቁልፍ አልበለጠም። ጨለማ ያስፈልገዋል ስለተባልኩ ሦስቱንም ያስቀመጥኳቸው አልጋ ሥር ነው። ስህተቴ የት ላይ እንደሆነና ከተበላሹት ውስጥ የሚተርፍ ነገር እንዳለ ብትነግሩኝ ውለታችሁ አይረሳኝም።

መልስ፣ ቢሾፍቱ ከሚገኝ አምራች

እህቴ፣ ሦስቱ ጄሪካኖች ያጋጠማቸው ሦስት የተለያየ ችግር ስለሆነ ለየብቻ ማየቱ ይሻላል። አረንጓዴው ትሪኮደርማ የሚባለው ሻጋታ ይመስለኛል፤ ከጭዱ ጋር የሚመጣና ከእንጉዳዩ ጋር ምግብ የሚሻማ ነው። የፈላ ውሃ ቀዝቃዛ ጭድ ላይ ሲፈስ ሙቀቱ ወዲያው ስለሚወርድ ሻጋታውን አያጠፋውም። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ በመሆኗ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ሳፋ ውስጥ ካለ ጭድ ጋር ሲገናኝ ምን ያህል እንደሚቀረው መገመት አያዳግትም። የሚያስፈልገው ከ65 እስከ 80 ዲግሪ ሙቀት ውስጥ ቢያንስ ከአንድ ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት መቆየት ነው። ስለዚህ ከ3 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር የተከተፈውን ጭድ በማዳበሪያ ከረጢት ቋጥረው፣ በክዳን በሚዘጋ በርሜል ውስጥ ድንጋይ ጭነውበት እሳት ላይ ያቆዩት።

የሖመጠጠው የውሃ ጉዳይ ነው። ጭዱ ከወጣ በኋላ በንጹሕ ቦታ በደንብ መንጠፍ አለበት፤ እፍኝ ይዘው አጥብቀው ሲጨምቁት ሁለት ሦስት ጠብታ ብቻ ካወጣ ልክ ነው፣ ውሃው ተከታትሎ ከወረደ ግን ገና ነው። ጄሪካኑ እንደ ከረጢት ስለማይተነፍስ ትርፉ ውሃ ከሥሩ ይጠራቀምና አየር አጥቶ ይበሰብሳል። ከወለሉ አራት አምስት ቀዳዳ ይብሱለትና ሁለት ጡብ ላይ ያስቀምጡት። ዘሩንም አይሰስቱበት፤ ለ5 ኪሎ እርጥብ ጭድ ከ250 እስከ 500 ግራም ሲሆን፣ ከዘሩ የሚያድገው ነጩ የእንጉዳይ ክር ሻጋታውን ቀድሞ ቦታውን ይይዛል።

መልስ፣ ከአንድ የሥነ ሕይወት መምህር

ወንድሜ ያሉት ትክክል ነው፤ እኔ ስለ ሦስተኛው ልጨምር። እንጉዳይ እንደ እኛው ኦክስጅን ስቦ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል። አልጋ ሥር አየሩ ስለማይንቀሳቀስ ይህ ጋዝ ይከማቻል፤ እንጉዳዩም ንጹሕ አየር ፍለጋ አንገቱን ያረዝማል፣ ጃንጥላውን ግን አይዘረጋም። ጨለማው የሚጠቅመው ነጩ ክር ጭዱን እስኪወርስ ድረስ ባሉት ሁለት ሦስት ሳምንታት ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ፀሐይ በቀጥታ የማይመታው፣ ጋዜጣ ለማንበብ የሚበቃ ብርሃን ያለው ቦታ ያውጡት፤ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ መስኮት ይክፈቱለት፣ በዙሪያውም ውሃ ይርጩ። የአየሩ እርጥበት ከ80 እስከ 90 በመቶ ቢሆን ይመረጣል። የጃንጥላው ጠርዝ ወደ ላይ ከመገልበጡ በፊት ይልቀሙት፤ ከዘገየ የሚበትነው ብናኝ በተዘጋ ቤት ውስጥ ሳል ያመጣል።

ስለ ዕቃው አንድ ነገር አጥብቄ አሳስባለሁ። የቀለም፣ የፀረ ተባይ ወይም የሞተር ዘይት የነበረበት ዕቃ የቱንም ያህል ቢታጠብ ለምግብ አይሁን። የምግብ ዘይት ጄሪካንም ቢሆን በሙቅ ውሃና በሳሙና ቅባቱ እስኪለቅ መታጠብ አለበት። አፉ ጠባብ ስለሆነም ትከሻውን በሦስት ጎን ቆርጠው አራተኛውን እንደ ማጠፊያ ቢተዉት ለመሙላትም ለማጽዳትም ይቀላል።

መልስ፣ ከደብረ ብርሃን

ማገዶ ለከበደው ሰው ኖራም ይሠራል። ለ20 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ 100 ግራም ገደማ ውሃ የጠጣ የኖራ ዱቄት በጥብጬ ጭዱን ከ12 እስከ 18 ሰዓት እዘፈዝፈዋለሁ፤ ከዚያ አንጠፍፌ እዘራለሁ። ለኮምጣጣ አፈር ማከሚያ የሚሰጠው የተፈጨ የድንጋይ ኖራ ግን ለዚህ አይሆንም፤ ሻጋታውን የሚገድል ኃይል የለውም። ውሃ የጠጣው ኖራ እጅና ዓይን ስለሚያቃጥል ጓንትና መነጽር ያድርጉ።

የጠያቂዋ ምላሽ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁለተኛውን ጄሪካን ዛሬ ቆርጬ ባየው ከሥሩ አራት ጣት ያህል ጥቁር ውሃ ተኝቶበት አገኘሁ። ሦስተኛውን ወደ መስኮቱ አወጣሁት፤ እንደገና ያፈራ ይሆን? የሻገተውንስ ጭድ ምን ላድርገው?

መልስ፣ ቢሾፍቱ ከሚገኝ አምራች

ሦስተኛው ተስፋ አለው፤ አንድ አዘራር ሁለት ሦስት ጊዜ ያስለቅማል። የቀሩትን ጉቶዎች ነቅለው ያጽዱት፣ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ አዲስ እምቡጥ ማየትዎ አይቀርም። የሻገተውን ግን ቤት ውስጥ አይፍቱት፤ ብናኙ ጤነኛውንም ይበክላል። በፌስታል አፍነው ያውጡና ከዘር ቦታዎ ርቆ ባለ የኮምፖስት ጉድጓድ ይቅበሩት። ጄሪካኑን በበረኪና አጥበው፣ በንጹሕ ውሃ ደጋግመው አለቅልቀው፣ ፀሐይ ላይ ካደረቁት በኋላ እንደገና ሊሞሉት ይችላሉ።