የቨርጂኒያዋ አሌክሳንድርያ ሀብታም ናት? ታዲያ የልጆቻችን ትምህርት ቤት ለምን ይቸገራል?

የሁለት ልጆች እናት፦ ወገኖች፣ ከወላጆች ስብሰባ አሁን መውጣቴ ነው። አማርኛ የሚችል ረዳት አነሰን ስንል "አሌክሳንድርያ ሀብታም ከተማ ስለሆነች ቨርጂኒያ ብዙ አትሰጣትም" ተባልን። እኛ ዌስት ኤንድ ባለ ሁለት መኝታ ቤት ውስጥ ስድስት ሆነን ነው የምንኖረው። ሀብታሙ ማን ነው? ይሄ ፍትሐዊ ነው ትላላችሁ?

ቁጥር ወዳዱ፦ እህቴ፣ የነገሩሽ እውነት ነው። ስቴቱ የየከተማውን አቅም የሚለካበት ቀመር አለው። ግማሹ የቤትና የመሬት ዋጋ ነው፣ 40 በመቶው የነዋሪው ገቢ፣ 10 በመቶው የችርቻሮ ሽያጭ። ጣሪያው 0.8 ነው። አሌክሳንድርያ ከአርሊንግተንና ከፎልስ ቸርች ጋር እዛው ጣሪያው ላይ ናት። በግርድፉ፣ ስቴቱ ለትምህርት ያስፈልጋል ብሎ ከሚቆጥረው ከእያንዳንዱ ዶላር 80 ሳንቲሙን ከተማው ራሱ ይችላል።

የኡበር ሹፌሩ፦ የወንዙን ዳር ቪላ ይቆጥራሉ፣ የአንቺን ስድስት ሰው አይቆጥሩም ማለት ነዋ!

ቁጥር ወዳዱ፦ ይቆጥራሉ እንጂ፣ ድምሩን ለተማሪና ለሕዝብ ቁጥር ያካፍሉታል። ግን አማካይ ነው። የኦልድ ታውን ቤትና የኛ አፓርትመንት አንድ ድስት ውስጥ ይማሰላሉ፤ ወጡ ሀብታም ሀብታም ይሸታል።

ጡረተኛው መምህር፦ ልጆቼ፣ እኔ አልስማማም። ደቡብ ምዕራብ ጫፍ ሊ ካውንቲ ሂዱና እዩ። የከሰል ሥራው ከተዳከመ በኋላ እዛ ቤት ቢታከስ ምን ያህል ይገኛል? ስቴቱ ለነሱ አብዛኛውን ባይሸፍን ትምህርት ቤቱ ይዘጋል። ክፍፍሉ ልክ ነው፣ እንጀራው ነው ያነሰው። የስቴቱ ምክር ቤት አጥኚ ተቋም፣ ጄላርክ፣ በ2023 ያወጣው ጥናት የቨርጂኒያ ትምህርት ቤቶች ከአገሪቱ አማካይ በአንድ ተማሪ 1,900 ዶላር ገደማ ያንሳቸዋል ይላል። ስቴቱ ያስፈልጋል ብሎ የሚያስበው ሠራተኛ ትምህርት ቤቱ በተግባር ከሚቀጥረው ያነሰ ነው። ክርክሩ መሆን ያለበት እዚህ ላይ ነው።

የሁለት ልጆች እናት፦ ጋሼ፣ የሊ ካውንቲ ልጅ ይቀንስበት አላልኩም። ግን ቤት የሌለኝ እኔ በሰው ቤት ዋጋ ለምን ሀብታም እባላለሁ? የቤት ግብሩን እንደሆነ አከራዩ ኪራዬ ላይ ይጨምረዋል።

ለገና አገር ቤት የሄደው፦ የኛንም ጥፋት እንናገር። አምና ልጆቼን ይዤ ጥምቀትን አሳልፌ ተመለስኩ። ለካ 15 የትምህርት ቀን በተከታታይ የቀረ ልጅ ከመዝገብ ይወጣል። የቤት ኪራይ ውል፣ የክትባት ካርድ፣ እንደገና ከሀ ጀመርኩ። ገንዘቡም የሚሰላው በተመዘገበ ተማሪ ነው አሉኝ።

ቁጥር ወዳዱ፦ አዎ፣ እስከ ማርች 31 ባለው አማካይ። ካሊፎርኒያና ቴክሳስ ይባስ፤ እነሱ የሚቆጥሩት በየቀኑ የተገኘውን ነው። ጉንፋን ሲበዛ በጀት ይቀንሳል።

የኡበር ሹፌሩ፦ 😂 ጉንፋንም ታክስ ጀመረ በሉኛ።

የሁለት ልጆች እናት፦ እሺ፣ አቤት የምለው ለማን ነው? ለስቴቱ መንግሥት ለሪችመንድ ወይስ ለከተማው?

ጡረተኛው መምህር፦ ቀመሩ የሪችመንድ ነው። ረዳቱን ግን ከተማው መጨመር ይችላል። በጀቱ ከመጽደቁ በፊት ሕዝብ የሚናገርበት ምሽት አለ። ቀድመሽ ተመዝገቢ፣ አስተርጓሚም ጠይቂ።

የሁለት ልጆች እናት፦ ማታ ማታ ሥራ ነኝ እኮ ጋሼ።

ጡረተኛው መምህር፦ እንግዲያው ጻፊና ስጪኝ። እኔ አነብልሻለሁ።