ተልባ፣ ጤና አዳምና የጉሎ ዘይት ለምጥ ዝግጅት፦ የትኛውን ልቀበል፣ የትኛውን ልተው?

ጥያቄ፦ ከሜሪላንድ

ጤና ይስጥልኝ። የመጀመሪያ ልጄን አርግዤ 34ኛ ሳምንቴን ይዣለሁ። እናቴ ልታርሰኝ ከደብረ ብርሃን ከመጣች ሁለት ሳምንት የሆናት ሲሆን፣ በሻንጣዋ ተቆልቶ የተወቀጠ ተልባ፣ አብሽ እና በትንሽ ጠርሙስ የጉሎ ዘይት ይዛልኝ መጥታለች። ጤና አዳሙን ደግሞ ጎረቤታችን በረንዳዋ ላይ ከተከለችው እየቆረጠች ታመጣለች።

በየጠዋቱ ሁለት ማንኪያ ተልባ ለብ ባለ ውሃ በጥብጣ፣ ማር ጨምራ ትሰጠኛለች። ትናንት ጠጥቼ ስጨርስ ብርጭቆውን ዘቅዝቃ፣ በጠርዙ ላይ የሚዝለገለገውን እያሳየችኝ፣ «አየሽ፣ ልጁም እንዲህ ሸርተት ብሎ ነው የሚወጣልሽ» አለችኝ። ከ37ኛው ሳምንት ጀምሮ ጤና አዳም ጨምቃ ልታጠጣኝ፣ ቀኔ ካለፈ ደግሞ የጉሎ ዘይቱን ልትሰጠኝ አስባለች። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ በበኩሏ የራስበሪ ቅጠል ሻይ እንድጠጣ መክራኛለች።

በክትትል ቦታ ቅጠላ ቅጠል እወስድ እንደሆነ ሲጠይቁኝ «አልወስድም» ብዬ መልሻለሁ፤ ተልባን እንደ መድኃኒት ቆጥሬው ስለማላውቅ ነው። ደሜ አነስ ብሏል ተብዬ የብረት እንክብል እወስዳለሁ። ከእነዚህ ውስጥ ጉዳት ያለው የትኛው ነው? ለእናቴስ ሳላስቀይማት እንዴት ልንገራት?

መልስ፦ ከባሕር ዳር፣ አዋላጅ ነርስ

እንደምን አሉ? ከዘረዘሯቸው ሁሉ እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ጤና አዳሙ ስለሆነ ከእሱ ልጀምር። ጤና አዳም ማሕፀንን ሊያኮማትሩ የሚችሉ ንጥረ ነገሮች ስላሉት በእርግዝና ጊዜ እንዳይወሰድ ይመከራል። በቡና ስኒ ላይ ጣል የምትደረግ አንዲት ዘለላና ተጨምቆ የሚጠጣ አንድ እፍኝ ቅጠል እኩል አይደሉም፤ እስካሁን በቡና ቀምሰው ከሆነ አይደንግጡ፣ ጭማቂውን ግን በ37ኛውም ሆነ በ40ኛው ሳምንት አይጠጡት።

ምክንያቱን ባጭሩ ላስረዳ። ማሕፀን በተኮማተረ ቁጥር ወደ እንግዴ ልጁ የሚሄደው ደም ይቀንሳል፤ ፅንሱ ኦክስጅን እንደ ልብ የሚያገኘው በአንዱ ምጥና በሚቀጥለው መካከል ባለችው ፋታ ነው። ያቺ ፋታ ስትጠፋ ልጁ ይታፈናል። እኛ በጤና ተቋም ምጥ ለማምጣት ኦክሲቶሲን ስንሰጥ በደም ሥር፣ ጠብታውን እየቆጠርን፣ የልጁን የልብ ትርታ እየተከታተልን ነው፤ ምጡ ከበረታ ወዲያውኑ እንዘጋዋለን። አንዴ የተጠጣ ቅጠል ግን የሚዘጋበት ቧንቧ የለውም፤ ደግሞም የዛሬው እፍኝ ከትናንቱ ምን ያህል እንደሚበረታ የሚለካው የለም። ከዚህ በፊት በቀዶ ጥገና ለወለደች እናት አደጋው የባሰ ነው፤ ማሕፀኗ በጠባሳው በኩል ሊተረተር ይችላል።

ይህ ጥንቃቄ ከውጭ የመጣ እንዳይመስልዎ። ኮሶ ለትል የሚጠጣ መድኃኒት ቢሆንም፣ እርጉዝ ሴት እንዳትጠጣው ሲከለክሉ የኖሩት የእኛው እናቶች ናቸው። እናትዎም ይህን ሳያውቁት አይቀሩም፤ ጨዋታውን ከኮሶው ቢጀምሩላቸው ሳይቀልልዎት አይቀርም።

ተልባን በተመለከተ፣ የሚያሟልጨው ነገር የሚሄደው በጨጓራና በአንጀት ነው፤ ልጁ የሚወጣበት መንገድ ሌላ ስለሆነ ወደዚያ የሚደርስበት የለም። ሆድ ድርቀትን ግን በእርግጥ ያለሰልሳል፣ የብረት እንክብል ለሚወስድ ሰው ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም። በምግብ መጠን፣ ውሃ አብዝተው፣ ክትትል የሚያደርጉልዎትን አማክረው ቢወስዱት አልቃወምም። ብዙ መጠጣትን ወይም የተልባ ዘይት እንክብል መጨመርን ግን አልመክርም።

ለምጥ መዘጋጀት ከፈለጉ በእግር ይሂዱ፤ ምጡ ሲመጣም በጀርባ ተጋድሞ ከመቆየት ይልቅ መቆምና መንቀሳቀስ ይረዳል። የዓለም ጤና ድርጅት በምጥ ላይ ያለች እናት ራሷ የመረጠችው ሰው አብሯት እንዲሆን ይመክራል፤ እናትዎ የሚያስፈልጉዎት በዋናነት ለዚህ ነው። ደም ካዩ፣ የሽርት ውሃ ከፈሰሰ፣ የልጁ እንቅስቃሴ ከቀነሰ፣ ወይም ከባድ ራስ ምታትና የዓይን ብዥታ ከመጣ ምንም ሳይቀምሱ ወደ ሐኪም ይሂዱ።

መልስ፦ ከሻርጃ፣ የሁለት ልጆች እናት

እህቴ፣ ስለ ጉሎ ዘይቱ የደረሰብኝን ልንገርሽ። ቀኔ አልፎ ሦስት ቀን ሲሆነኝ፣ የወለዱ ጓደኞቼ መክረውኝ፣ በብርቱካን ጭማቂ ቀላቅዬ ጠጣሁት። ሌሊቱን ሙሉ ከመጸዳጃ ቤት አልወጣሁም፤ ሆዴን የቆረጠኝ ሁሉ ምጥ መስሎኝ ንጋት ላይ ሆስፒታል ስደርስ ማሕፀኔ ጭራሽ አልተከፈተም ነበር። ሰውነቴ ውሃ አጥቶ ስለነበር ጉሉኮስ ተሰክቶልኝ ዋልሁ፤ ልጄ የተወለደችው ከስድስት ቀን በኋላ ነው። ዘይቱ ምጥ የሚያመጣላቸው እንዳሉ ሐኪሟ አልካደችም፤ ማንን ምጥ እንደሚያስይዝ፣ ማንን ተቅማጥ ብቻ እንደሚያስይዝ አስቀድሞ አይታወቅም ነው ያለችኝ።

በሁለተኛው እርግዝናዬ የያዝሁት ቴምር ነው። ሰይዳ መርየም በምጥ ጊዜ የዘንባባውን ግንድ ወዝውዛ ቴምር እንድትበላ መነገሯ በቁርኣን ስላለ፣ እዚህ የእርጉዝ ቤት ያለ ቴምር አይታሰብም። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ የዮርዳኖስ ጥናትም አለ፤ ከመውለጃ ቀናቸው በፊት በነበሩት አራት ሳምንታት በቀን ስድስት ፍሬ የበሉ 69 እናቶች ካልበሉት 45ቱ ይልቅ ማሕፀናቸው ሰፋ ብሎ ተከፍቶ ነው ሆስፒታል የደረሱት። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ ቢሆንም ጤናማ ሰው በቴምር አይጎዳም። ስኳር አለብሽ ከተባልሽ ግን ጠይቂ።

መልስ፦ ከቨርጂኒያ፣ ፋርማሲስት

ሌሎቹ ያላነሷቸውን ሦስት ነገሮች ልጨምር። አንደኛው፣ ተልባው የሚዝለገለግ በመሆኑ አብሮት የተዋጠ መድኃኒት ወደ ሰውነት እንዳይገባ ሊያዘገይ ስለሚችል፣ የብረት እንክብሉን ከተልባው ቢያንስ በሁለት ሰዓት አራርቀሽ ውሰጂ። ቡናና ሻይም ብረቱ በደንብ እንዳይሰርጽ ያደርጋሉ። ጠዋት ተልባ፣ ከዚያ ቡና፣ በመሐል እንክብል የሚለው የእኛ ቤት ሥርዓት ደምሽ ካልጨመረ አንዱ ምክንያት ሊሆን ይችላል።

አብሽን በወጥ ቅመም መጠን ማንም አይከለክልሽም። እየተዘፈዘፈ በብርጭቆ የሚጠጣው ግን የደም ስኳርን ዝቅ ሊያደርግ ይችላል፤ ሌላም የማይጠበቅ ጣጣ አለው። ከወሊድ በፊት አብሽ የጠጣች እናት ልጅ ሽንቱ እንደ ተቃጠለ ስኳር ሊሸት ይችላል፤ ይህ ሽታ ደግሞ በዘር የሚተላለፍ አንድ ከባድ በሽታ ምልክት በመሆኑ፣ ሐኪሞቹ ጤናማውን ጨቅላ ለምርመራ ይወስዱታል። አብሹ ለወተት ነው ከተባለም እስክትወልጂ ይቆይ።

የራስበሪው ቅጠል የእኛው የዱር እንጆሪ ዘመድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 በአውስትራሊያ 192 የመጀመሪያ ልጃቸውን የሚወልዱ እናቶች ላይ በተደረገ ሙከራ፣ ከ32ኛው ሳምንት ጀምሮ በእንክብል የወሰዱት ማሕፀን የሚከፈትበት የመጀመሪያው የምጥ ክፍል አላጠረላቸውም፤ ልጁን ገፍቶ የማስወጣቱ ጊዜ ብቻ በአሥር ደቂቃ ገደማ አጠረ። ለአሥር ደቂቃ እኔ አልደክምም፣ ውሳኔው ግን ያንቺ ነው።

በሚቀጥለው ቀጠሮሽ «አልወስድም» ያልሽውን አስተካክይ። ተልባን ፍላክስሲድ፣ አብሽን ፌኑግሪክ፣ ጤና አዳምን ሩ፣ የጉሎ ዘይትን ካስተር ኦይል ብለሽ አስመዝግቢ፤ በአማርኛ ስማቸው ብቻ ከነገርሻቸው መዝገብ ላይ ሳይሰፍሩ ይቀራሉ።

መልስ፦ ከጎንደር፣ እናት

ልጄ፣ ሦስቱን የወለድሁት ቤት ውስጥ፣ ማርያም ማርያም እየተባለልኝ ነው። ተልባውን በሦስቱም ጠጥቻለሁ፤ የመጀመሪያው ምጥ ሁለት ቀን የያዘኝ ተልባ እየጠጣሁ ነው። እናትሽን በተልባው አትከራከሪያት፣ ይልቅስ ጥቂት ጥቂቱን ጠጪላት። በጤና አዳሙ ግን ነርሷ ያለችው እውነት ነው፤ በእኛ ሰፈርም ጭማቂው ለእርጉዝ አይሰጥም ነበር። ማርያም በሽልም ታውጣሽ።

ከጠያቂዋ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዛሬ ጠዋት ለእናቴ ነገሩን ከኮሶው ጀመርሁላት፤ «እሱንማ ማን እርጉዝ ይሰጣል!» ብላ ተቆጣች፣ ከዚያ ዝም አለች። ጤና አዳሙን ለራሷ ቡና ወሰደችው። የጉሎ ዘይቱ ለፀጉሬ እንዲሆን ተስማምተናል፣ እንክብሉን ወደ ማታ አዛውሬዋለሁ፣ ለክሊኒኩም ዝርዝሩን ጽፌ ልኬላቸዋለሁ። ተልባው ወደ አንድ ማንኪያ ቀንሷል፤ ብርጭቆውን ግን አሁንም እየዘቀዘቀች ታሳየኛለች።