ግራናይት ሻጭ የጨረር ምርመራ ወረቀት ያሳይ?

የማራኪዋ፦ ቤታችንን እየጨረስን ነው። ለኩሽናውም ለመኝታ ቤቱም ግራናይት አስበናል። ጎረቤቴ ግን «ጨረር ያወጣል፣ ሳንባ ይጎዳል» አለችኝ። እኔ ሻጭ ሁሉ የምርመራ ወረቀት እንዲያሳይ ይገደድ ባይ ነኝ። እናንተስ?

የአዘዞው ግንበኛ፦ እህቴ፣ ዕድሜዬን ድንጋይ ስጠርብ ነው የኖርኩት። ፋሲል ጎንደርን ከቆረቆረ 400 ዓመት ሊሞላው ነው። ግንቡ ድንጋይና ኖራ ነው። ማንን ጎዳ? ወረቀቱ ዋጋ ከመጨመር በቀር ምን ይረባናል?

የቀሃው መምህር፦ ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ነው፤ የግንቡ ምሳሌ ግን እዚህ አይሠራም። የግንቡ ድንጋይ ባዛልት ነው፣ የእኛው ጥቁር ድንጋይ። ጨረር የሚያወጡት ዩራኒየም፣ ቶሪየምና ፖታሲየም በብዛት የሚገኙት ግራናይት ውስጥ ነው። ዩራኒየሙ እየተለወጠ ሬዲየም ይሆናል፣ ሬዲየሙ ደግሞ ራዶን የሚባል ጋዝ ይሆናል። ራዶን ሽታም ቀለምም የለውም። በብዙ አገሮች ከሲጋራ ቀጥሎ ለሳንባ ካንሰር ዋናው ምክንያት እሱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በቤት ውስጥ በኪዩቢክ ሜትር አየር ከ100 ቤኬሬል (የራዶኑን ጨረር መጠን የሚለኩበት ነው) እንዳያልፍ ይመክራል።

የማራኪዋ፦ እና ግራናይቱን ልተወው?

የቀሃው መምህር፦ ኧረ አትተይው! ቤት ውስጥ የሚገባው ራዶን በአብዛኛው ከመሬቱ ነው የሚመጣው፤ በወለል ስንጥቅ ይገባል። የኩሽና ጠረጴዛ ብዙ አይጨምርም። ዋናው አየሩ መውጣቱ ነው።

የፒያሳው ነጋዴ፦ እኔ ወረቀቱን ከየት አመጣለሁ? አስመጪው አልሰጠኝም። ካስፈለገ ከካባው ይጀመር። ድንጋዩ ሲወጣ አንዴ ይለካ፣ ወረቀቱ አብሮት ይምጣ። እኔ ለደንበኛ ለማሳየት ደስ ይለኛል።

የቀሃው መምህር፦ ልክ ብለሃል። አውሮፓ ውስጥም የሦስቱን ንጥረ ነገሮች መጠን ለክተው ያሰላሉ። ከግንባታ ዕቃ የሚመጣው ጨረር በዓመት ከ1 ሚሊሲቨርት (ሰውነት የሚያገኘውን ጨረር የሚለኩበት ነው) እንዳይበልጥ ነው የሚጠብቁት።

የአዘዞው ግንበኛ፦ ከካባው ከሆነ እኔም አልቃወምም። ግን ስለ ሳንባ ካነሳችሁ አቧራውን አትርሱብኝ። ግራናይት በደረቁ ሲቆረጥ የሚነሳው ብናኝ ጠራቢውን ይጨርሰዋል። ልጆቹ ያለ ማስክ፣ ያለ ውሃ ሲቆርጡ ውለው ያድራሉ። እሱም ሕግ ይውጣለት።

የማራኪዋ፦ እውነት ነው ጋሼ። የእኛን የሚቆርጡት ልጆችም ማስክ የላቸውም፣ ነገ እገዛላቸዋለሁ። ኩሽናችን ሁለት መስኮት አለው። መኝታ ቤቱ አንድ ብቻ ነው፣ እሱንም በክረምት አንከፍተውም። ወለሉ ሳይነጠፍ ሌላ መስኮት እናስወጣለን። በወረቀቱ ጉዳይ ግን አልተመለስኩም፤ ከካባው ይጀመር።